ምስራቅ ቻድ፦ ድንበር ከተሻገሩ በኋላ ያለው ጥያቄ ውሃ ነው

የሱዳን ጦር ሠራዊትና ፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ ኤፕሪል 15 ቀን 2023 ካርቱም ውስጥ ተኩስ ሲከፍቱ ቻድ ስደተኛ ለመቀበል አዲስ አልነበረችም። ከ2003ቱ የዳርፉር ጦርነት የሸሹ ከ400,000 በላይ ሱዳናውያን በምስራቃዊ ግዛቶቿ ይኖሩ ነበር። ያኔ በእናታቸው ጀርባ ታዝለው ድንበር ያለፉ ሕፃናት ዛሬ ራሳቸው ወላጆች ሆነዋል። አዲሱ ጦርነት ከተጀመረ ወዲህ ቁጥሩ ከ1.2 ሚሊዮን አልፏል፤ ከመጡትም እጅግ የሚበዙት ሴቶችና ልጆች ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ስለ ዝናብና በጋ ስናወራ ግን በእኛው ወሮች እንጠቀማለን፤ የምስራቅ ቻድ ክረምትም እንደኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ነውና።)

ስለዚህ አካባቢ የሚወጣው ዘገባ በአብዛኛው የሰው ቁጥር ይቆጥራል፣ የለጋሾችን ቃል ኪዳን ይዘረዝራል። ሁለቱም አስፈላጊ ናቸው። ነገር ግን አንድ ቤተሰብ ከጥይት አምልጦ ድንበር ካለፈ በኋላ ይኑር ወይስ ይሙት የሚለውን የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው ብለን እናምናለን፦ ከመሬት በታች ያለው ውሃና ከሰማይ የሚወርደው ዝናብ። የመጀመሪያው ያንሳል፤ ሁለተኛው ሲመጣ መንገድ ይቆርጣል። ገንዘቡም፣ ሕጉም፣ የሰዉ ደግነትም ሙሉ ዋጋ የሚኖረው እነዚህን ሁለቱን ቀድሞ ከደረሰ ነው።

አድሬ ለምን አትለቅም?

የምዕራብ ዳርፉር ዋና ከተማ ኤል ጀኔና ከቻዷ የድንበር ከተማ ከአድሬ የምትርቀው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጁን 14 ቀን 2023 የግዛቲቱ አስተዳዳሪ ኻሚስ አባከር ከተገደሉ በኋላ አረብ ያልሆነው የአካባቢው ብሔረሰብ የማሳሊት ተወላጆች በእግራቸው፣ በአህያ ጋሪና በሰው ትከሻ ላይ ሆነው ወደ አድሬ ጎረፉ። በመንገዱ ላይ የተተኮሰባቸው ብዙ ነበሩ። ከጁን 15 እስከ 17 ባሉት ሦስት ቀናት ብቻ ድንበር የለሽ ሐኪሞች የሚያግዙት የአድሬ ሆስፒታል ከ850 በላይ ቁስለኞችን ተቀብሏል። በተባበሩት መንግሥታት የተሾሙ ባለሙያዎች በዚያ ዓመት ኤል ጀኔና ውስጥ የተገደለውን ሰው ከ10,000 እስከ 15,000 ገምተውታል። በኖቬምበር በኤል ጀኔና ዳር ባለችው በአርዳማታ ከተፈጸመው ግድያ በኋላ ደግሞ ሁለተኛው ማዕበል መጣ።

ከጦርነቱ በፊት 40,000 ያህል ነዋሪ የነበራት አድሬ ዳር ላይ ማንም ያላቀደው ሰፈር በቀለ፤ ውሎ አድሮም ከ200,000 በላይ ሰው ያዘ። ይህ ሰፈር በስም መሸጋገሪያ ነው። ሰው ተመዝግቦ፣ ጥቂት ሰንብቶ፣ ወደ ውስጥ እንዲጓጓዝ ታስቦ ነበር። ለዚህም በ2004 የተከፈተው ፋርሻና ተስፋፍቶ፣ አርኩም፣ ኡራንግ፣ መቼ፣ አላሻ፣ ኋላም ዱጊ የተባሉ ካምፖች ተሠርተዋል። ሆኖም ከተሠራው ካምፕ በላይ ሰው ይመጣል፤ ከመጣውም ውስጥ መሄድ የማይፈልግ ብዙ ነው።

ስደተኞችን ከድንበር ቢያንስ 50 ኪሎ ሜትር ማራቅ የተለመደ መመሪያ ነው፤ ምክንያቱም ግልጽ ነው። በ2000ዎቹ ታጣቂዎች ድንበር ተሻግረው ሲዘርፉና ወጣቶችን ከካምፕ ሲመለምሉ ታይቷል። የሰዉ ምክንያትም ግን ቀላል አይደለም። አድሬ ገበያ ናት፤ ጡብ መሥራት፣ ውሃ መሸጥ፣ ልብስ ማጠብ፣ ጭነት ማውረድ ይገኛል። ሆስፒታሉ ቅርብ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ባሏ ወይም ልጇ በሕይወት ይኑር አይኑር ያላወቀች ሴት ድንበሩን ትታ መራቅ አትችልም፤ ወሬ የሚመጣው በዚያ በኩል ነው። ከኦገስት 2024 ጀምሮ የእርዳታ መኪኖች ወደ ዳርፉር የሚገቡበት በር ዳግም ሲከፈት የአድሬ ስበት ይበልጥ ጨመረ። ሰውን በማስገደድ ይህን መፍታት አይቻልም። የሚፈታው አዲሱ ካምፕ ከአድሬ የተሻለ ነገር ሲኖረው ነው፤ የመጀመሪያው የተሻለ ነገር ደግሞ ውሃ ነው።

ካምፕ የሚቆመው ውሃው ባለበት ነው

ለአንድ 50,000 ሰው የሚይዝ ካምፕ ስሌቱን እንሥራ። ለአንድ ሰው በቀን የሚያስፈልገው ዝቅተኛው የውሃ መጠን 15 ሊትር ነው፤ ለመጠጥ፣ ለማብሰያና ለመታጠቢያ። ይህ በቀን 750,000 ሊትር፣ ማለትም 750 ሜትር ኩብ ይሆናል። 15,000 ሊትር የሚጭን ቦቴ በየቀኑ 50 ጊዜ መመላለስ አለበት። አንድ ቦቴ በአሸዋማ መንገድ በቀን ሦስት ወይም አራት ጉዞ ቢያደርግ ጥሩ ነው፤ ስለዚህ ቢያንስ 13 ቦቴ ሳይበላሽ፣ ነዳጅ ሳያጣ፣ መንገዱ ሳይቆረጥ መሥራት ይኖርበታል። ይህ ለሳምንታት ይቻላል። ለዓመት ግን አይቻልም፤ ወጪውም ለቁፋሮ ሊውል የሚገባውን ገንዘብ ይበላል።

ወደ ጉድጓድ እንምጣ። የምስራቅ ቻድ መሬት ከስስ አፈር በታች ጥንታዊ ጠንካራ ድንጋይ፣ በተለይም ግራናይት ነው። ድንጋዩ ራሱ ውሃ አይዝም፤ ውሃ የሚገኘው በስንጥቆቹና ከላይ በበሰበሰው ንብርብር ውስጥ ብቻ ነው። ስንጥቁን ያገኘ መሰርሰሪያ ውሃ ያወጣል፤ አሥር ሜትር ጎን የሄደው ደረቅ ጉድጓድ ይዞ ይቀራል። አንድ ጉድጓድ በሰዓት 5 ሜትር ኩብ ቢሰጥና በፀሐይ ኃይል የሚሠራው ፓምፕ በቀን 7 ሰዓት ያህል ቢስብ 35 ሜትር ኩብ ይገኛል። ስለዚህ ለዚያ ካምፕ ውሃ የሰጡ 22 ጉድጓዶች ያስፈልጋሉ። ደረቅ የሚወጡትን ስንጨምር የሚቆፈሩት ከዚህ በጣም ይበልጣሉ።

ለዚህም ነው ከቁፋሮ በፊት ያለው ሥራ መዝለል የማይገባው። በ2004 የመጀመሪያዎቹ ካምፖች ሲሠሩ የሳተላይት ራዳር ምስል ተተንትኖ የውሃ ተስፋ ያላቸው ቦታዎች ተለይተው ነበር። ከካርታው ቀጥሎ በመሬቱ ላይ የኤሌክትሪክ ልኬት ይደረጋል፤ ድንጋዩ የተሰነጠቀበትን መስመር ይጠቁማል። ከዚያ ይቆፈራል፤ ከዚያም ፓምፑ ያለ ማቋረጥ ቢያንስ 24 ሰዓት እየሳበ የውሃው ወለል ምን ያህል እንደሚወርድ ይለካል። ብዙ ጊዜ ስህተት የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው። በመስከረም ወይም በጥቅምት፣ ክረምቱ በወጣ ማግሥት የተሞከረ ጉድጓድ ጥሩ ውሃ ይሰጣል። ያ ቁጥር ወረቀት ላይ ይሰፍርና በእሱ ልክ ሰው ይመጣል። ግንቦት ላይ የከርሰ ምድሩ ውሃ ሲወርድ ያው ጉድጓድ ግማሹን እንኳ ላይሰጥ ይችላል፤ ሰልፉም ሌሊት ይጀምራል።

ሁለተኛው ምንጭ ዋዲ ነው፤ ከክረምት ውጭ የሚደርቀው አሸዋማ ወንዝ። ከአሸዋው ሥር ውሃ ተኝቶ ይከርማል። በቦረናና በሶማሌ ክልል የደረቀ ወንዝ ሆድ ቆፍሮ ውሃ ማውጣትን የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። በኮንክሪት ቀለበት የተደገፈ ሰፊ ጉድጓድ፣ ወይም ከአሸዋው በታች የሚሠራ ውሃ የሚያግድ ግድብ፣ ከግራናይቱ ቁፋሮ በርካሽ ብዙ ውሃ ይሰጣል። ችግሩ ያው ዋዲ የመንደሩ ነዋሪ ሽንኩርትና ባሚያ የሚያለማበት፣ ግመልና ከብት የሚያጠጣበት መሆኑ ነው። ካምፑ በትልቅ ሞተር ሲስብ የገበሬው የእጅ ጉድጓድ ይደርቃል። ስለዚህ ከመሳቡ በፊት በዙሪያው ያሉት የመንደር ጉድጓዶች ጥልቀት ተለክቶ መመዝገብና በየወሩ መከታተል አለበት። ያለዚያ ጠብ ሲነሳ ማን ትክክል እንደሆነ የሚያሳይ ማስረጃ አይኖርም።

የጠራ ውሃ ሁሉ ንጹሕ አይደለም

በ2024 መጀመሪያ በዋዳይ ግዛት በአድሬና በሐጀር ሐዲድ የጤና ወረዳዎች ሄፓታይተስ ኢ ተነሳ፤ እስከ ኤፕሪል መጨረሻ ከ2,000 በላይ ተጠርጣሪ ሕመምተኞች ተመዘገቡ። ይህ የጉበት በሽታ በሰገራ በተበከለ ውሃ ይተላለፋል። ለብዙዎች ዓይንን ቢጫ አድርጎ ያልፋል፤ እርግዝናቸው ወደ መጨረሻው ሦስት ወር የገባ ሴቶችን ግን ከአምስት አንዷን ሊገድል ይችላል። በጁላይ 2025 ደግሞ በዱጊ ካምፕ ኮሌራ ገባ። ሁለቱም በሽታዎች የሚናገሩት ስለ አንድ ነገር ነው፦ ስለ ውሃው ጥራትና ስለ መጸዳጃው።

ክሎሪን ርካሽ ነው፤ አሠራሩ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጥንካሬው 70 በመቶ የሆነ የክሎሪን ዱቄት 15 ግራም በአንድ ሊትር ውሃ ሲበጠበጥ 1 በመቶ የሆነ ፈሳሽ ይወጣል። ከዚህ ፈሳሽ 4 ሚሊ ሊትር በ20 ሊትር ጄሪካን ላይ ቢጨመር በአንድ ሊትር 2 ሚሊ ግራም ያህል ክሎሪን ይገባል። ግማሽ ሰዓት ይጠበቃል፤ ከዚያ በመለኪያ ይታያል። ከቧንቧው ሲቀዳ 0.5 ሚሊ ግራም ገደማ ሊቀር ይገባል፤ ቤት ደርሶ ሲጠጣም ቢያንስ 0.2። ውሃው ደፍርሶ ከሆነ ክሎሪኑ ጭቃውን ሲታገል ያልቃል፤ ስለዚህ መጀመሪያ መጥለል አለበት።

ብዙ ቡድኖች ቧንቧው ላይ ብቻ ለክተው «ደኅና ነው» ይላሉ። አደጋው ግን የሚፈጠረው ከቧንቧው በኋላ ነው። በዚያ ሙቀት ክሎሪን ቶሎ ይተናል። ጄሪካኑ ውስጡ አረንጓዴ ዝቃጭ ይዞ ከሆነ የቀረውን ይውጠዋል። ሌሊቱን ሙሉ ክዳን የሌለው ዕቃ ውስጥ ያደረ፣ እጅ የገባበት ውሃ ጠዋት ላይ ክሎሪን የለውም። መፍትሔው ጠጠርና ሳሙና ጨምሮ ጄሪካን የሚያጥብ ቡድን በየቧንቧው ማቆምና ልኬቱን ቤት ለቤት እየዞሩ መውሰድ ነው። ቀላል ሥራ ይመስላል፤ በጀት ሲቆረጥ ግን መጀመሪያ የሚሰረዘው ይኸው ነው፣ ምክንያቱም ፎቶ ላይ አይታይም።

መጸዳጃ ቤት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለ50 ሰው አንድ፣ ቀጥሎ ለ20 ሰው አንድ መድረስ አለበት። ለ50,000 ሰው መጀመሪያ 1,000፣ ከዚያ 2,500 ማለት ነው። ከውሃ ምንጭ 30 ሜትር መራቅ፣ ታችኛው ወለሉም ከከርሰ ምድሩ ውሃ ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል ከፍ ማለት ይኖርበታል። ድንጋያማ ቦታ ላይ ጉድጓዱ ሁለት ሜትር ሳይደርስ ይቆማል፤ ዋዲ ዳር ደግሞ በሐምሌ ጎርፍ ገብቶበት ያለውን ሁሉ ይተፋል። ሴቶች ማታ ለመሄድ የሚፈሩት ቦታ ላይ የተሠራ መጸዳጃ ቁጥር ለማሟላት ይጠቅማል እንጂ ሰው አይጠቀምበትም። በሩ ከውስጥ የሚቆለፍ፣ መብራት ያለው፣ ከመኖሪያው የማይርቅ መሆን አለበት።

ክረምቱ ከመኪናው ይቀድማል

ቻድ ባሕር የላትም። አብዛኛው እርዳታ ካሜሩን ዱዋላ ወደብ ላይ ይራገፋል፤ ወደ ንጃሜና ከ1,700 ኪሎ ሜትር በላይ፣ ከዚያ የምስራቁ ትልቅ ከተማ አቤሼ ለመድረስ ሌላ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከአቤሼ እስከ አድሬ ወደ 165 ኪሎ ሜትር ይቀራል፤ ርቀቱ ትንሽ ቢመስልም ሁሉም የሚበላሸው እዚህ ነው። ዋዲዎቹ ሲሞሉ መኪና ቀናትን በወንዝ ዳር ያሳልፋል። በቻድ የአፈር መንገዶች ላይ የዝናብ ኬላ አለ፤ ከዘነበ በኋላ መንገዱ እስኪደርቅ ድረስ ከባድ መኪና እንዳያልፍ ይዘጋል። ኬላው ትክክል ነው፤ በጭቃው ላይ የሄደ ከባድ መኪና መንገዱን ለወራት ያጠፋዋል። ወደ ደቡብ፣ በሲላ ግዛት ጎዝ ቤይዳ አካባቢ ያሉ ካምፖች ደግሞ በክረምት ደሴት ይሆናሉ።

ሙሉ ራሽን ለአንድ ሰው በቀን ወደ 2,100 ኪሎ ካሎሪ እንዲሰጥ ይታሰባል። በተግባር 425 ግራም ማሽላ ወይም ሌላ እህል፣ 50 ግራም ጥራጥሬ፣ 25 ግራም ዘይት፣ 50 ግራም የበቆሎና የአኩሪ አተር ድብልቅ ዱቄትና 5 ግራም ጨው ሲሆን ወደዚያ ይጠጋል። ይህ በወር ለአንድ ሰው 16.6 ኪሎ ያህል ነው። ለ50,000 ሰው በወር 830 ቶን ገደማ ይሆናል፤ 30 ቶን የሚጭን መኪና 28 ያስፈልጋል። ክረምቱ መንገድ የሚዘጋባቸውን ሦስት ወራት ለመሸፈን ከ80 በላይ መኪኖች ግንቦት ሳያልቅ መጋዘን ደጃፍ ላይ መቆም አለባቸው፤ ለአንድ ካምፕ ብቻ።

ከውጭ የሚገዛ እህል ገንዘቡ ከተፈቀደ በኋላ ግዢ፣ መርከብ፣ ወደብና መንገድ ሲደመር ብዙ ጊዜ ከሦስት ወር በላይ ይወስዳል። እንግዲህ ለክረምቱ የሚሆነው ገንዘብ በጥር ወይም በየካቲት እጅ መግባት አለበት። ለጋሾች ግን የሚንቀሳቀሱት የራበው ሰው ምስል ሲታይ ነው፤ ምስሉ የሚታየው ደግሞ በሐምሌ። በሐምሌ የተለቀቀ ብር ጭቃ ላይ ይቆማል። አንድ ዶላር በየካቲትና አንድ ዶላር በነሐሴ እኩል አይደሉም፤ ልዩነቱን የሚከፍሉት ሕፃናት ናቸው።

ራሽን ሲቆረጥ የሚሆነው በክሊኒክ ይታያል። የሕፃን ክንድ ዙሪያ በቀለም በተከፋፈለ ሪባን ይለካል፤ ከ125 ሚሊ ሜትር በታች መካከለኛ፣ ከ115 በታች ከባድ የምግብ እጥረት ነው። ከባዱ የሚታከመው በከረጢት በሚታደለው የለውዝ አልሚ ምግብ ነው፤ አንዷ 92 ግራም ከረጢት 500 ኪሎ ካሎሪ ትሰጣለች። 8 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን በቀን ሦስት ያህል ያስፈልገዋል። ቤት ውስጥ ሌላ ምግብ ከሌለ ግን እናት ሦስቱን ለአራት ልጆች ትከፍላለች፤ የትኛዋም እናት ይህን ታደርጋለች። ሕፃኑ በሚቀጥለው ሳምንት ሲመዘን አልጨመረም፤ በመዝገቡ ላይ «ሕክምናው አልሠራም» ተብሎ ይጻፋል። ያልሠራው ሕክምናው ሳይሆን የቤተሰቡ ራሽን ነው።

ተቀባዩስ?

ከድንበሩ በሁለቱም በኩል ያለው ሕዝብ በአብዛኛው አንድ ነው፤ በዋዳይ ማሳሊት፣ በሰሜን ዛጋዋ፣ በየቦታው አረብ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እርዳታ ሳይደርስ ስደተኛውን ያበላው የመንደሩ ጎተራ ነው። ያ ጎተራ ሞልቶ የተረፈው አልነበረም። ቻድ ራሷ በፌብሯሪ 2024 በመላ ሀገሪቱ የምግብና የሥነ ምግብ አስቸኳይ ሁኔታ አውጃለች። ሰኔና ሐምሌ ለገበሬውም ጎተራ የሚራቆትበት ጊዜ ነው፤ ስደተኛው ራሽኑ ሲቆረጥ ገበያ የሚወጣውም በዚሁ ወር ነው። የማሽላ ዋጋ በሁለቱም ላይ በአንድነት ይወጣል።

ከሁሉ ተረስተው የቀሩት ደግሞ ተመላሾቹ ናቸው። ለዓመታት፣ አንዳንዴም ለትውልድ በዳርፉር የኖሩ ከ200,000 በላይ ቻዳውያን ከዚያው ጥይት ሸሽተው ገብተዋል። ዜጋ ስለሆኑ የስደተኛ ካርድ አይሰጣቸውም፤ ከሀገር ርቀው ስለኖሩም መሬትና ዘመድ የላቸውም። በአንድ መንገድ የመጡ ሁለት ቤተሰቦች፣ አንዱ ተመዝግቦ ሸራና ራሽን ሲያገኝ ሌላው ከዛፍ ሥር ይቀራል። የዓለም አቀፉ የስደት ድርጅት ይመዘግባቸዋል፤ የሚደርሳቸው ገንዘብ ግን በጣም ያነሰ ነው። በዚህ ላይ የሚሰማን ቁጭት ትልቅ ነው፤ ችግሩ የተፈጠረው በድህነት ብቻ ሳይሆን በመዝገብ አከፋፈል ነውና።

ማገዶ ሌላው የጠብ መነሻ ነው። አንድ ሰው በቀን አንድ ኪሎ እንጨት ቢፈልግ 50,000 ሰው በየቀኑ 50 ቶን ያነዳል። በመጀመሪያው ዓመት በካምፑ ዙሪያ ያለው ደረቅ እንጨት ያልቃል፤ ቀጥሎ እርጥቡ ይቆረጣል፤ ከዚያ ሴቶች ግማሽ ቀን ይሄዳሉ። ብዙው ጥቃትና መደፈር የሚደርሰው በዚያ መንገድ ላይ ነው። በ2000ዎቹ በኢሪዲሚ ካምፕ ከካርቶንና ከሚያብረቀርቅ ፎይል የተሠራ የፀሐይ ምድጃ ተሞክሮ ብዙ ሴቶች ተጠቅመውበታል። ጠቃሚ ነው፤ ግን ለራት፣ ለደመናማ ቀንና እንደ ገንፎ ያለ ማቋረጥ ለሚማሰለው አሲዳ አይሆንም። ስለዚህ በደንብ የተሠራ የጭቃ ቆጣቢ ምድጃ ከጎኑ ያስፈልጋል።

ሕጉ ቀድሟል፣ ኑሮው አልደረሰም

ቻድ ዲሴምበር 31 ቀን 2020 የጥገኝነት ሕግ አውጥታለች፤ ማስፈጸሚያው ድንጋጌ በ2023 ተከትሏል። ስደተኛ የመንቀሳቀስ፣ የመሥራት፣ የመማር፣ የመታከምና ፍርድ ቤት የመቆም መብት አለው። በክፍለ አህጉሩ ከተሻሉት ሕጎች አንዱ ነው፤ ለዚህም ምስጋና ይገባታል። ነገር ግን የመሥራት መብት ሥራ በሌለበት ቦታ ምን ያህል ይሄዳል? በካምፖቹ ዙሪያ ዋናው ሥራ እርሻ ነው፤ መሬት የሚሰጠው ደግሞ በሀገር ልማድ፣ በካንቶን ሹሙና በመንደር አለቃው በኩል ነው። የተለመደው ስምምነት የእኩል እርሻ ነው፤ ስደተኛው ያርሳል፣ ምርቱን ይካፈላሉ። ቁጥቋጦውን መንጥሮ፣ ድንጋዩን ለቅሞ፣ መሬቱ ጥሩ በሆነ በሁለተኛው ዓመት ባለቤቱ ሲወስድበት ሕጉ አያግዘውም፤ ውሉ በቃል ነበርና። ቢያንስ ለሦስት ዓመት የሚቆይ፣ ሹሙና የመንግሥት የስደተኞች ኮሚሽን የሚፈርሙበት፣ በአረብኛና በፈረንሳይኛ የተጻፈ አንድ ገጽ ውል ብዙ ጠብ ያስቀራል።

ትምህርትም እንዲሁ። የድሮዎቹ ካምፖች ለአሥር ዓመት በሱዳን ሥርዓተ ትምህርት ሲያስተምሩ ቆይተው ከ2014 ጀምሮ ወደ ቻድ ሥርዓት ተዛውረዋል፤ የሱዳንን ፈተና ድንበር ማዶ ሄዶ መፈተን ስለማይቻልና የቻድ የምስክር ወረቀት በሀገሪቱ ዩኒቨርሲቲ ስለሚያስገባ። ውሳኔው ትክክል ነበር። በ2023 የመጣው ልጅ ግን ሁለተኛ ደረጃ መጨረሻ ላይ ነበረ፤ ፈረንሳይኛ አያውቅም። ለእሱ አንድ ዓመት የቋንቋ ማጠናከሪያ ካልተሰጠ ወደ ታች ክፍል ይወርዳል፣ ከዚያም ያቋርጣል። ብዙዎቹ ወደ ሊቢያና በሰሜን ቻድ ወዳሉት የቲበስቲ የወርቅ ጉድጓዶች የሚሄዱት ከዚያ በኋላ ነው።

ይህ ለእኛ ሩቅ ነገር አይደለም። ያው ጦርነት በመተማና በኩርሙክ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ሰው አስገብቷል። የሀገራችን የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011ም (ይህ ዓመት በእኛው አቆጣጠር ነው) እንደ ቻዱ ሕግ ብዙ መብት ይሰጣል። ሆኖም በ2023 በአማራ ክልል የተከፈቱት ኩመርና አውላላ መጠለያዎች በዘራፊና በታጣቂ ጥቃት ተሰቃይተው በ2024 በሺዎች የሚቆጠሩ ስደተኞች ጥለዋቸው ወጥተዋል። በቻድ ቦታ መረጣን የሚወስነው ውሃ ከሆነ፣ በመተማ መንገድ ላይ የወሰነው ደኅንነት ነበር። ሕግ ከሁለቱም አያድንም።

አሁን ክብደቱ ወደ ሰሜን ዞሯል

በኤፕሪል 2025 በሰሜን ዳርፉር ያለው የዘምዘም የተፈናቃዮች ካምፕ ተወረረ፤ ኦክቶበር 26 ቀን 2025 የግዛቲቱ ዋና ከተማ ኤል ፋሽር በፈጥኖ ደራሹ ኃይል እጅ ወደቀች። ከዚያ የሸሹት ወደ ቻድ ሲመጡ የሚገቡት በአድሬ ሳይሆን ይበልጡን በሰሜኗ የድንበር ከተማ በጢና በኩል ወደ ዋዲ ፊራና ምስራቅ ኤነዲ ግዛቶች ነው። ይህ ለዕቅድ ትልቅ ለውጥ ነው። በዚያ ዝናቡ ያጠረ ነው፤ በሐምሌና በነሐሴ ዘንቦ ያበቃል። ድንጋዩ ያው ነው፣ በላዩ ያለው አፈር ግን ይሳሳል። በ2004 ኡሬ ካሶኒ ካምፕ ሲቆም ከጉድጓድ በቂ ውሃ ስላልተገኘ በባሃይ አቅራቢያ የሚገኝ የኩሬ ውሃ ተጣርቶ ይሰጥ ነበር። እነዚያ የድሮ ካምፖች አሁን ሌላ ሰው ጨምሩ እየተባሉ ነው።

ስለዚህ በሰሜን የሥራው ቅደም ተከተል መቀየር የለበትም። የመሬት ልኬቱ ከኅዳር እስከ ጥር፣ ቁፋሮው እስከ መጋቢት፣ የፓምፕ ሙከራው ደግሞ የውሃው ወለል በጣም በወረደበት በሚያዝያና በግንቦት ይደረጋል። ካምፑ የሚሸከመው የሰው ቁጥር የሚወሰነው በዚያ የግንቦት መጠን በ15 ሊትር ተካፍሎ ነው፤ በጥቅምቱ አይደለም። ለመንደሩና ለከብቱ የሚሆነው ድርሻ ከላይ ተቀንሶ ይያዛል። የሚቀረው ለ12,000 ሰው ብቻ የሚበቃ ከሆነ 12,000 ሰው ይጓጓዛል፤ ለተረፈው ሌላ ዋዲ ይፈለጋል። ለአምስት ሰው ቤተሰብ 4 በ 5 ሜትር የሆነ አንድ ሸራ ለአንድ ሰው ከሚገባው 3.5 ካሬ ሜትር ጥላ ጋር ይመጣጠናል፤ ሸራ በአውሮፕላንም ይመጣል። ውሃ ግን በአውሮፕላን አይመጣም፤ ካምፕ የሚከፈትበትን ቀን የሚወስነው የቁፋሮ መሐንዲሱ የግንቦት መዝገብ መሆን ያለበት ለዚህ ነው።